መርፌው የሚለውን ማንበብ

ሰቆጣ ውስጥ ስለ እኔ ሁለት ወሬ ይወራል። አንደኛው «አዲስ አበባ አብራሪ ነበር» ይላል፤ ሁለተኛው «የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይጠግን ነበር» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የሚያናድደኝ ግን ሁለተኛው ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ጡረታ ወጥቼ ወደ አገሬ ከተመለስኩ ወዲህ ጠያቂውን ሁሉ እያስቀመጡ ማስረዳት አታከተኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ያንብብ።

አውሮፕላን ነድቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ አውሮፕላን በደመና ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዋግ ኽምራ የለም፤ ከዋግ ኽምራ ውጭም ቢሆን ብዙ አይገኝም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አንድ ሰው ብቻ ትምህርቴን እንዳላበላሸው ሲከታተለኝ ኖሯል፤ እሱን በቦታው አነሣዋለሁ።

የተወለድኩት ከአምደወርቅ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው። አፌን የፈታሁት በአገሬ ቋንቋ፣ በኽምጣና ነው። አማርኛን ከቄስ ትምህርት ቤት አገኘሁት፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ከማቀዝቀዣ መመሪያ መጽሐፍ። አዲስ አበባ ገብቼ በአብራሪዎች ማሠልጠኛ ስቀጠር ሥራዬ የአንድ ክፍል አየር እንዳይሞቅ መጠበቅ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሲሙሌተር የሚባለው ማሽን አለ። መልኩ የአውሮፕላን አፍንጫ ነው፤ ክንፍም ጅራትም የለውም፤ ከመሬት አይነሣም። ሠልጣኙ ገብቶ በሩ ሲዘጋበት ግን ውጭውን አያይም፤ ፊቱ ያሉት መለኪያዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ከፍታውን፣ አንዱ ፍጥነቱን፣ አንዱ አቅጣጫውን፣ አንዱ ክንፉ መጋደሉን ይናገራል። አንዲት መርፌ ደግሞ ማረፊያው አጠገብ ወደ ተተከለው የሬዲዮ ጣቢያ ዘወትር ትጠቁማለች። በእነዚህ ብቻ ተመርቶ፣ መሬት ሳያይ፣ እስከ ማኮብኮቢያው አፋፍ መውረድ አለበት። በመሣሪያ ማረፍ ማለት ይህ ነው። ብዙ ጎበዝ ልጅ ፀሐይ እያየ ሲበር ንስር ሆኖ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የረጠበች ዶሮ ሲሆን አይቻለሁ።

ክፍሉ ሲሞቅ ማሽኑ ይሳሳታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ሰው ጆሮ ደግሞ ምንም አያመልጥም። አስተማሪው ለሠልጣኙ የሚለውን በቃሌ ያዝኩ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ አንድ ጊዜ የሰማሁት አይጠፋኝም። ከዚያ ማሽኑ የመጣበትን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ። አንድ ጠዋት የከፍታ መርፌው አልነቃነቅ አለ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ በላቸው ገና አልመጣም ነበር። ከፍቼ አየሁ፤ ከራስ ፀጉር የማይወፍር ክር መርፌውን በሚያዞረው መንኮራኩር ጥርስ መሃል ገብቷል። በልብስ መርፌ አወጣሁት። አቶ በላቸው ሲመጣ መርፌው ይሠራል፤ ክዳኑ ግን ጠመም ብሎ ተገጥሟል።

«ማን ነካው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አደረግህ?»

ነገርኩት። ክዳኑን አቃናና ቁልቁል እግሬን አየ።

«ነገ ንጹሕ ካልሲ አድርገህ ና» አለኝ።

ለማሽኑ የተቀጠርኩት እንዲህ ነበር። አቶ በላቸው ወደ ሲሙሌተሩ ሲገባ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቅ ነበር፤ አቧራ እንዳይገባ ነው ይላል፤ እኔ ግን አክብሮትም እንደነበረበት አውቃለሁ። ሌላም ልማድ ነበረው። በየማለዳው፣ ማሽኑ ሳይበራ፣ እያንዳንዱን መለኪያ በጠቋሚ ጣቱ እየነካ የሚያሳየውን ድምፁን አውጥቶ ይናገር ነበር። «ፍጥነት፣ ዜሮ። ከፍታ፣ ዜሮ። ክንፍ፣ ለጥ ያለ።» አንድ ቀን ሳቅኩበት።

«ጋሼ፣ የጠፋ ማሽን ዜሮ መሆኑ ጠፍቶዎት ነው?»

«ዜሮ ያልሆነ ቀን አንተ አታየውም» አለኝ። «አእምሮህ ዜሮ ይልልሃል። ጣቴ ግን አይዋሽም።»

ከወራት በኋላ አንድ ማለዳ ጣቱ ከፍታ መለኪያው ላይ ቆመ። ማሽኑ ጠፍቶ መርፌው ሁለት መቶ ጫማ ያሳያል። እኔ ያን መለኪያ በዚያው ጠዋት ሦስት ጊዜ ወልውዬዋለሁ፤ አላየሁትም። ይህን የምናገረው ለአቶ በላቸው ክብር እንጂ እኔ ዐይኔ ደካማ ስለነበር አይደለም።

የክፍሉ ጌጥ ጉንዳኗ ነበረች። በአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይነጠፋል፤ በካርታው ላይ ጉንዳን የምንላት፣ መንኮራኩር ያላት ትንሽ መሣሪያ ትሄዳለች። ሠልጣኙ ውስጥ ሆኖ በዞረ ቁጥር እሷም ትዞራለች፤ ኋላዋ ቀይ ቀለም እየተወች ትሄዳለች። ሠልጣኙ ሲወጣ በደመናው ውስጥ የሄደበትን መንገድ በወረቀቱ ላይ ቀይ ሆኖ ያየዋል። ጉንዳኗን ቀለም መሙላት፣ ማጽዳትና መጠገን የእኔ ሆነ። ቀጥሎ ማሽኑን ማንቀሳቀስ የእኔ ሆነ፤ ንፋሱን የማስነፍሰው እኔ፣ ደመናውን የማወርደው እኔ፣ ሞተሩን የማጠፋው እኔ። መሃል ላይ ሁለት ዓመት ክፍለ ሀገር አንድ የሬዲዮ ጣቢያ እንድጠብቅ ተላክኩ፤ መርፌዋ የምትጠቁመው ወደ እንዲህ ያለው ጣቢያ ነው። እዚያ ሆኜ ነጎድጓድ ሲመጣ መርፌዋ ለምን እንደምትወላገድ ተረዳሁ፤ ይህን መሐንዲሶቹም አያውቁትም ነበር። ስመለስ ከሠልጣኞቹ ግማሾቹ አስተማሪያቸውን ትተው እኔን ይጠይቁ ጀመር። በግል መዝገቤ ላይ ግን እስከ ጡረታ ቀኔ «የማቀዝቀዣ ጥገና ሠራተኛ» ተብሎ ቀረ። ደመወዙም እንደዚያው። ይህን ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ።

አሁን ደስ የማይለኝን ልናገር። ስኬቱን ብቻ የሚጽፍ ሰው አይታመንም።

ታደሰ የሚባል ሠልጣኝ ነበር፤ ትሑት፣ ታታሪ። በመሣሪያ ማረፍ አቃተውና ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ እንዳለማምደው ለመነኝ። እኔም የማውቀውን መንገድ ሰጠሁት። «በቃልህ ያዘው» አልኩት። «ጣቢያው ላይ ስታልፍ ሰዓትህን ያዝ፤ ሁለት ደቂቃ ከጣቢያው ራቅ፤ ወደ ግራ ዙር፤ ተመለስ፤ ይህን ያህል ውረድ።» እንደ ውዳሴ ማርያም አስደገምኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንከን የለሽ ሆነ። እኔም ለአቶ በላቸው «ትምህርት ቤቱ ያቃተውን እኔ አስተካከልኩት» ብዬ ፎከርኩ።

በፈተናው ቀን፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ፣ ከጎን የሚገፋ ንፋስ ነበር። ታደሰ ሰዓቱን ጠብቆ ዞረ፤ ሰዓቱን ጠብቆ ወረደ፤ ከማኮብኮቢያው ርቆ የሰው ማሳ ላይ ሲያነጣጥር ፈታኙ መሪውን ተቀበለው። የመጨረሻ ዕድሉ ነበር። ሻንጣውን ይዞ ሊሰናበት መጣ።

«ጋሽ ሲሳይ፣ እንዳሉኝ ነው ያደረግኩት» አለኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም። በእውነት ግራ ገብቶት ነው።

አቶ በላቸው አልተቆጣኝም። ታደሰ ከእኔ ጋር የተለማመደባቸውን ወረቀቶች አመጣና አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ወደ መስኮቱ አነሣቸው። የጉንዳኗ ቀይ መስመሮች አንድ መስመር መሰሉ።

«ይህ በረራ አይደለም» አለ። «ይህ ማኅተም ነው። ንፋሱን ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ነው የምትሰጠው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንፋሱን ቀያየርኩ። ትምህርቱን የያዝኩ መስሎኝ ነበር። የታደሰ ጥፋት ግን ከንፋሱ በፊት እንደጀመረ ሙሉ በሙሉ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም እዚህ ሰቆጣ፣ በራሴ ግቢ ውስጥ።

አቶ በላቸው ጡረታ ወጣ። ከእሱ በኋላ ሁለት አለቆች አየሁ፤ አንዱ ማስታወሻ መጻፍ የሚወድ፣ አንዱ ማስታወሻ ማንበብ የማይወድ። ጉንዳኗ ተነሥታ በኮምፒውተር የሚሠራ ማሽን መጣ፤ የተመረቁት ልጆች «ይህ ለጋሽ ሲሳይ ይከብደዋል» አሉ፤ በሁለት ወር ውስጥ እነሱን የማሳያቸው እኔ ሆንኩ። ከዚያም ዕድሜዬ ሞላና ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ።

የኔታ ኅሩይ በከተማው ዳር ባለው ደብር ንባብ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በራችንን አንኳኩ። ባለቤቴ ወርቅነሽ አስገባቻቸው።

«ጋሽ ሲሳይ» አሉ ገና እንደተቀመጡ፣ «ልጄ ሐዳስ የአብራሪ ትምህርት ላይ መሆኗን ያውቃሉ።»

«ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ የኔታ።»

«ሁለት ጊዜ ወድቃ መጥታለች። ሦስት ሳምንት ዕረፍት ሰጥተዋታል። በሦስተኛው ከወደቀች ትባረራለች።»

«በምን ወደቀች?»

«በደመና ነው አሉ።»

«ደመናው ምን አደረጋት?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። እኔ ደመና የማውቀው ዝናብ ሲያመጣ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኩዮቿ ከጎረቤት ወረዳ ከፃግብጂም ከዚህም ዓረብ አገር እየሄዱ ነው። ሰማዩ ካልተቀበለኝ ባሕሩን አቋርጣለሁ ብላለች። ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት።»

«ነገ ትምጣ» አልኳቸው። «ለእኔ ይህ ቀላል ነው።»

ሰቆጣ ሲሙሌተር የለም። ስለዚህ ሠራሁ። የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጬ ስድስት መለኪያ ሣልኩበት፤ መርፌዎቹን ከዘይት ቆርቆሮ ቀደድኩ፤ ከኋላ በኩል የማዞርባቸውን ቁልፎች ከቆርኪ አበጀሁ። ሐዳስ ከፊት ተቀምጣ «ወደ ግራ ዞርኩ፣ ኃይል ቀነስኩ» ትላለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ያ አውሮፕላን በዚያ ንፋስ ምን ሊሆን እንደሚችል በጭንቅላቴ አስልቼ መርፌዎቹን አዞራለሁ፤ መንገዷንም በወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰምራለሁ። አንድ ሰው ሆኜ ማሽኑም ኮምፒውተሩም ጉንዳኗም እኔ ነበርኩ። ይህን የሚችል ሌላ ሰው ካለ ስሙን ይንገሩኝ።

ወርቅነሽ ካርቶኑን አየችው። «ሰባ ዓመት ሞልቶህ መጫወቻ ትሠራ ጀመር?» አለች።

ሐዳስ ቀጠን ያለች፣ ፈጣን አነጋገር ያላት ልጅ ናት። ሰላምታ ስትሰጠኝ በግማሽ ታጥፋ ነው፤ ካርቶኑን ስታይ ግን ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን እንደዋጠች ገባኝ።

«አባባ ሲሳይ፣ ይህ የአውሮፕላን ነው?»

«አንቺን ሁለት ጊዜ ከጣለሽ አውሮፕላን ይሻላል። ተቀመጪ።»

የመጀመሪያውን ሙከራ እንከን በሌለው መንገድ ጨረሰችው። ሁለተኛውንም። እኔ ከኋላ ሆኜ «ይቺን ማን ጣላት?» እያልኩ ነው። ሦስተኛው ላይ ንፋሱን ከምዕራብ አመጣሁት። መርፌዋን ቀስ በቀስ ወደ ጎን አሸሸኋት። ሐዳስ ምንም አልለወጠችም። ያንኑ መዞር፣ ያንኑ ደቂቃ። በቀይ የማሰምረው መንገድ ከማኮብኮቢያው እየራቀ ሄደ።

ወርቅነሽ ምስር እየለቀመች ከደጃፉ ላይ ታየን ነበር። «ልጅቷ ትጸልያለች እንዴ?» አለች።

ከካርቶኑ በላይ አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወርቅነሽ ባትናገርም እኔው ራሴ ከደቂቃ በኋላ ማየቴ አይቀርም ነበር። ለማረጋገጥ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። ስድስቱም መርፌዎች ቆሙ። ሐዳስ ቀጠለች። «ዞርኩ። እወርዳለሁ። ዘጠኝ ሺህ። ስምንት ሺህ አምስት መቶ። ደቂቃው ሞላ። መንኮራኩር ወርዷል። አረፍኩ።»

«የት አረፍሽ?» አልኳት።

«ማኮብኮቢያው ላይ።»

«ከፍታሽ ስንት ነው?»

«ስምንት ሺህ።»

«መርፌው ስንት ይላል?»

ያን ጊዜ አየችው። መርፌው አሥራ አንድ ሺህ ጫማ ላይ ቆሟል፤ እጄን ካነሣሁበት ጀምሮ አልተነቃነቀም። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እርስዎ አቆሙት?» አለች በዝግታ።

«ካቆምኩት ብዙ ሆኗል። አንቺ አላየሽውም። ስትደግሚ ነበር።»

በዚያች ቅጽበት የታደሰ ቃል ጆሮዬ ላይ ደወለ። ንፋሱን እየቀያየርኩ ባስለምደውም ኖሮ ያ ልጅ ያው ይወድቅ ነበር። ስንት ንፋስ ቢነፍስ ሁሉንም በቃሉ ይይዘው ነበር እንጂ መርፌውን አያይም። እኔ ዐይኑን ዘግቼ አፉን ነበር የከፈትኩለት።

የኔታ ሊወስዷት ሲመጡ አጥሩ ሥር አስቀመጥኳቸው። ምክር መጠየቅ ልማዴ አይደለም፤ ይህን ግን ጠየቅኩ።

«የኔታ፣ ልጅ ፊደሉን ሳያይ በቃሉ ሲያነብልዎ በምን ይይዙታል?»

ሳቁ። «ይሄማ የዘወትር ሥራዬ ነው። ገጹን በሙሉ ይወጣልኛል፤ ፊደሉን የሚጠቁምበት ስንደዶ ግን የት እንዳለ አያውቀውም። ከመሃል አስጀምረዋለሁ። ያም ካልሆነ ከታች ወደ ላይ አስነብበዋለሁ። ስንደዶው ፊደሉ ላይ ሳያርፍ አፉን እንዳይከፍት።»

«ሐዳስንም እንዲህ አድርገው ነው ያስተማሯት?»

ሳቃቸው ቆመ። «ሐዳስ ስንደዶ ይዛ አታውቅም» አሉ። «ከወንዶቹ ጋር አላስቀመጥኳትም። ከግድግዳው ወዲያ እህል እየፈጨች እየሰማች ነው ዳዊትን የጨረሰችው። በሰባት ዓመቷ መቶ ኀምሳውንም ስትወጣው ሰው ሁሉ እየጠራሁ አሰማሁ። ኮራሁ።» መሬቱን አዩ። «ጆሮዋን ነው ያስተማርኩት ለካ።»

«እኔም አንድ ልጅ እንዲሁ አስተምሬ አስባርሬአለሁ» አልኳቸው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ለሐዳስ አንድ ዘንግ ስንደዶ ሰጠኋት። «መለኪያውን ሳትነኪ ቁጥር እንዳትናገሪ። መሆን ያለበትን አልጠይቅሽም፤ ያለውን ብቻ።» ከመጀመሪያው ማስጀመርም ተውኩ። «ደመና ውስጥ ነሽ፤ የት እንደሆንሽ አልነግርሽም፤ ፈልጊው» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ከመጨረሻው አስጀምሬ ወደ ኋላ አስነዳኋት። አንድ ጊዜ ሁለት መለኪያ እርስ በርሱ እንዲቃረን አደረግኩ፤ አንዱ ትወርጃለሽ ሲል አንዱ ትወጫለሽ ይላል፤ የትኛው እንደሚዋሽ ከሌሎቹ አመሳክራ እንድታገኝ። ትጠፋለች። ትዘገያለች። ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ የምትወጣው አሁን እንደ ሕፃን ተንተባተበባት። በአምስተኛው ቀን ስንደዶውን አስቀመጠችው።

«አባባ ሲሳይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈተናው ላይ ማንም ከመሃል አያስጀምረኝም።»

«ንፋስ ያስጀምርሻል።»

«ቀኑ እያለቀብኝ ነው። በቃሌ የያዝኩትንም አጠፉብኝ። በፊት ቢያንስ አንድ ነገር ነበረኝ።»

«የነበረሽ ነገር ሁለት ጊዜ ጥሎሻል።»

ሄደች። ሁለት ቀን አልመጣችም። ወርቅነሽ «አባረርካት» አለች። እኔም ውስጤ ፈርቶ ነበር፤ ሁለተኛዋ ልጅ በእጄ ልትጠፋ ነው ብዬ። ካርቶኑን ግን ከቦታው አላነሣሁትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአባቷን ዳዊት በሻሽ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ቁጭ ብላ አንድ ገጽ ከፈተች።

«የእርስዎን ነገር በዚህ ልሞክረው ብዬ ነው» አለች። «አንዱን መዝሙር ከታች ወደ ላይ፣ ፊደል በፊደል፣ በስንደዶ። እስከ ቀትር ፈጀብኝ።» ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ይህን መስመር ከልጅነቴ ጀምሮ እዘለው ነበር። በየቀኑ እየደገምኩ። አባቴ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰምተውኛል እንጂ እሳቸውም አልያዙኝም።»

ካርቶኑን አቀናሁ። ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሌላ ነገር ነው። ከንፈሯ ዝም አለ፤ ዐይኗ መሄድ ጀመረ። ከፍታ፣ ክንፍ፣ መርፌ፤ ክንፍ፣ ፍጥነት፣ መርፌ። ንፋሱን ከየትም ባመጣው አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ ጥቂት አዙራ መርፌዋን ታረጋጋታለች። ዐሥር ወረቀት አሰመርኩላት፤ ደርቤ ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ ዐሥሩ መስመር ዐሥር የተለያየ መንገድ ነው፤ ሁሉም ግን አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ይገናኛል። እንዲህ ያለ ወረቀት በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም፤ ብዙ ወረቀት ያየሁ ሰው ነኝ።

ልትሄድ ስትል መርሳት የሌለባትን የመጨረሻ ነገር ነገርኳት። «ደቂቃው ሞልቶ መርፌው እሺ ካላለሽ፣ ከተፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ በታች አንድ ጫማ አትውረጂ። ወደ ላይ አንሺው። መውጣት ውድቀት አይደለም።»

«ሁለቱንም ጊዜ የወደቅኩት ባለመውጣቴ ነው» አለች።

የፈተናዋ ቀን የኔታ ከማኅሌት ወጥተው በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። ስልኩን እያየን ረፈደብን። ወርቅነሽ ሦስት ጊዜ ምግብ አቀረበች፤ ሦስቴም አነሣችው። ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጌ መሃላችን አስቀመጥኩት።

«አባባ ሲሳይ፣ አባቴ አሉ?»

«አለን። ሁላችንም አለን። ተናገሪ።»

«ውጭ እንዳላይ የሚከልለውን ኮፍያ ደፍቼ ጀመርኩ» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ንፋሱ እንደተነበዩት አልነበረም። ጣቢያውን አልፌ ስመለስ መርፌዋ ወደ ቀኝ መሸሽ ጀመረች። አረምኩ። አሁንም ሸሸች። ሰዓቱ ሊሞላ ነው፣ በቃሌ የማውቀው ውረጂ ይለኛል፣ እጄ ሁሉ ውረጂ ይለኛል። ጣቴን መርፌዋ ላይ አሳረፍኩና ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። መስመሬ ላይ አይደለሁም። ከፍታዬ ዝቅተኛው ላይ ነው። ፈታኙ አጠገቤ ዝም ብሏል፤ ማኮብኮቢያው ታየ ወይም አልታየም አይለኝም።»

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ወደ ላይ አነሣሁት።»

የኔታ አንገታቸውን ደፉ። «አልወረደችም ማለት ነው» አሉ ለራሳቸው። «አበቃ።»

እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር። «የኔታ፣ ዝም ይበሉ፤ ይስሙ።»

«ዞሬ እንደገና ልግባ ብዬ ጠየቅኩ» አለች ሐዳስ። «ፈቀዱልኝ። ሁለተኛው ላይ የንፋሱን ልክ አውቄዋለሁ። መርፌዋ አልተነቃነቀችም። ዝቅተኛው ከፍታ ላይ ስደርስ ፈታኙ ኮፍያውን ከግንባሬ ላይ አነሣው። ማኮብኮቢያው ፊቴ ላይ ነበር። መሃሉ ላይ ነበርኩ።»

ወርቅነሽ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«መሬት ስናርፍ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹ሁለተኛው ጥሩ ነበር፤ ያሳለፍኩሽ ግን በመጀመሪያው ነው› አለኝ።»

ወርቅነሽ እልል አለች፤ ጎረቤቱ ሠርግ መስሎት በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ አደረገ። የኔታ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ መስቀል ሳሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሽ ሲሳይ፣ ዐይኗን ሸፍነው፣ መሬት ሳታይ፣ በንፋስ ውስጥ?»

«በንፋስ ውስጥ፣ የኔታ።»

«ወጥታ፣ ደግሞ ተመልሳ?»

«ወጥታ፣ ደግሞ ተመልሳ።»

ጋቢያቸውን አጣፉና ቀና ብለው ቆሙ። «ከነገ ጀምሮ» አሉ፣ «ሴቶቹም ከወንዶቹ ጋር ይቀመጣሉ።» እንዳሉትም አደረጉ። ስንደዶ የሚቆርጡላቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሐዳስ ዛሬ ትምህርቷን ጨርሳ ሁለተኛ አብራሪ ናት። እኔም ይህን ስጽፍ ያስተማርኳቸውን ሁሉ አሰብኩ። አሁን ካፒቴን የሆኑ፣ ባሕር ማዶ የሚበሩ፣ በበዓል ደውለው «ጋሽ ሲሳይ፣ ያለ እርስዎ አናልፍም ነበር» የሚሉኝ አሉ። ሁልጊዜ «እውነት ነው» ብዬ ነው የምመልስላቸው። እውነቱ ግን እነሱ ያለፉት በራሳቸው ብልኃት ነው። አስተምሬ ያሳለፍኳት ሐዳስን ብቻ ነው። ይህን የምለው በዚህ ወረቀት ላይ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ካገኛችሁኝ ግን ሁሉንም ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ።